ድር ቢያብር ማንን ያስር?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። ተረቱን ከትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አንብበነዋል፤ በዕድር ስብሰባ ሰምተነዋል፤ በምርጫ ሰሞን ደግሞ እስኪሰለቸን ድረስ ተደጋግሞልናል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ደካሞች ሲተባበሩ ብርቱውን ይገታሉ። ሆኖም ተረቱ ሳይመልስ ያለፈው ጥያቄ አለ። ያው ድር በአንበሳው እጅ የገባ እንደ ሆነ ማንን ያስራል? ድሮቹስ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ እንደ ሆነ የሚታሰረው ማን ነው?

ጥያቄውን ያነሣሁት ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ዛሬ ዜና የምንሰማበት፣ የምንከራከርበት፣ የምንሰዳደብበት፣ ለልቅሶና ለሠርግ የምንጠራራበት ዓለም አቀፍ ድር ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። የተፈጠረበት ተቋም፣ የተጻፈበት ኮምፒውተር፣ ለሕዝብ የተለቀቀበት ቀን ሁሉም ይታወቃሉ። ፈጣሪው እንግሊዛዊው ሰር ቲም በርነርስ ሊም ስለ ሥራቸው ተስፋውንም ሥጋቱንም ለረጅም ዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። እኛ ግን ተስፋውን ሰምተን ሥጋቱን ሳንሰማ ቀረን። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የድሩ ነጻነት የመሣሪያው ባሕርይ ሳይሆን የሰዎች ውሳኔ መሆኑን፣ በውሳኔ የተገኘ ነገር ደግሞ በሌላ ውሳኔ ወይም በቸልታ ሊጠፋ የሚችል መሆኑን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የመርሳት በሽታ

ነገሩ የሚጀምረው በጄኔቫ ከተማ ዳርቻ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ከሚገኘውና ሰርን ተብሎ ከሚታወቀው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ነው። በርነርስ ሊ በ1955 በለንደን ተወለዱ። አባታቸውም እናታቸውም የሒሳብ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች አንዱ በሆነው በፌራንቲ ማርክ 1 ላይ ሠርተዋል። እሳቸው በኦክስፎርድ ፊዚክስ ካጠኑ በኋላ በ1980 ለስድስት ወር ያህል በኮንትራት ወደ ሰርን ሄዱ። እዚያ ሳሉ ሰውን ከሥራው፣ ሥራውን ከሰነዱ የሚያያይዝ፣ ለራሳቸው ማስታወሻ የሚሆን ኢንኳየር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። ስሙን ያገኙት በወላጆቻቸው ቤት ካዩት፣ ለሁሉም ነገር መልስ አለኝ ከሚል የቪክቶሪያ ዘመን መጽሐፍ ነበር።

በ1984 ወደ ሰርን ሲመለሱ የድርጅቱ ችግር የእውቀት ማነስ ሳይሆን የመርሳት በሽታ መሆኑን ተመለከቱ። በሺህ የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገሮች ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይተው ይሄዳሉ። ሰው ሲሄድ የሚያውቀውም አብሮት ይሄዳል። የቀረው ሰነድም ቢሆን አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። በርነርስ ሊ በማርች 1989 ለዚህ በሽታ መድኃኒት ይሆናል ያሉትን ሐሳብ በጽሑፍ አቀረቡ። አለቃቸው ማይክ ሴንዳል በሽፋኑ ላይ ሐሳቡ ገና ደብዛዛ ቢሆንም ልብ የሚስብ ነው የሚል ትርጉም ያለው አጭር ማስታወሻ ጻፉበት። በአገራችን ቢሮዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ዕጣ ፈንታው መሳቢያ ውስጥ መግባት ነው። ሴንዳል ግን ሐሳቡን አልገደሉትም፤ ለሙከራ የሚሆን ኔክስት የተባለ ኮምፒውተር እንዲገዛላቸው ፈቀዱ።

በ1990 መጨረሻ፣ ቤልጅየማዊው ባልደረባቸው ሮበርት ካዮ እያገዟቸው፣ የመጀመሪያው ሰርቨር፣ የመጀመሪያው ብራውዘርና የመጀመሪያው ድረ ገጽ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሥራ ጀመሩ። በኮምፒውተሩ ላይ «ይህ ሰርቨር ስለ ሆነ እንዳታጠፉት» የሚል ይዘት ያለው፣ በቀይ ቀለም በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ያች ወረቀት ሁልጊዜ ታስገርመኛለች። ዓለም አቀፉ ድር በዚያ ዘመን አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ነበረችው፤ ጠባቂዋም አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበረች። ወደዚህች ማብሪያ ማጥፊያ ኋላ ላይ እንመለሳለን።

ዘበኛ የሌለው በር

ብዙ ሰው ኢንተርኔትንና ድሩን እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል። ነገሩን ለማቅለል ኢንተርኔት መንገዱ ነው፣ ድሩ ደግሞ በመንገዱ ዳር የቆመ ገበያ ነው እንበል። መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎ ነበር፤ ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት የጋራ ደንብ በአሜሪካው አርፓኔት ላይ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ነው። በርነርስ ሊ በዚያ ላይ የጨመሩት ሦስት ቀላል ነገሮችን ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰነድ አድራሻ፣ ሰነዱ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ሰነዱ የሚጠየቅበትና የሚላክበት ደንብ። ዛሬ ዩአርኤል፣ ኤችቲኤምኤልና ኤችቲቲፒ የምንላቸው ናቸው።

ትልቁ ሥራቸው ግን ከጨመሩት ይልቅ የተዉት ነው። ከሳቸው በፊት ሰነድን ከሰነድ ማያያዝን ያጠኑ የሃይፐርቴክስት ሊቃውንት ብዙዎቹ ሊንክ ከሁለቱም ወገን የተመዘገበና የማይሰበር እንዲሆን ይሹ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ካለ መዝጋቢ ይኖራል፤ መዝጋቢ ካለ ደግሞ ፈቃጅና ከልካይ ይኖራል። በርነርስ ሊ መዝገቡን ተዉት። ማንም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ገጽ ይክፈት፤ ወደ ፈለገውም ገጽ ሊንክ ይዘርጋ፤ ሊንኩ ቢሰበር ይሰበር አሉ። ዛሬ የጠፋ ገጽ ስንፈልግ የሚገጥመን «404» የሚለው ቁጥር የዚያ ነጻነት ዋጋ ነው። የዘርፉ ሊቃውንት በጊዜው አልተደነቁበትም፤ በዲሴምበር 1991 በቴክሳስ፣ ሳን አንቶንዮ ከተማ በተካሄደው የሃይፐርቴክስት ጉባኤ ጽሑፋቸው ተቀባይነት ስላላገኘ ሥራቸውን በማሳያነት ብቻ ነበር ያቀረቡት።

በዚህች አንዲት ውሳኔ ውስጥ የድሩ ተስፋም አደጋም አብረው ተወለዱ። ዘበኛ የሌለው በር ጻድቁንም ኃጥኡንም እኩል ያስገባልና።

አንድ ፊርማ

ነጻነቱ ከመሣሪያው ባሕርይ አልመጣም ያልሁበትን ምክንያት የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጨምር። በዚያው ዘመን በአሜሪካ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ጎፈር የተባለ ሌላ ሥርዓት ነበረው። ጎፈር ለአጠቃቀም ቀላል ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ከድሩ ይበልጥ የተስፋፋው እሱ ነበር። በ1993 ጸደይ ግን ዩኒቨርሲቲው ሰርቨሩን ከሚጠቀሙ አንዳንድ ወገኖች የፈቃድ ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። ክፍያው ለብዙዎቹ የማይደርስ ቢሆንም ጥርጣሬው በቂ ነበር። ዛሬ በነጻ የሠራሁበትን ነገ አስከፍልሃለሁ የሚለኝ ከሆነ ለምን ቤቴን በሱ መሬት ላይ እሠራለሁ ያለ ሁሉ ፊቱን አዞረ።

በርነርስ ሊና ካዮ ይህን አይተው የሰርንን አለቆች አጥብቀው ያዙ። በኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሁለት የሰርን ዳይሬክተሮች በአንድ አጭር ሰነድ ላይ ፈረሙ። ድርጅቱ በድሩ ሶፍትዌር ላይ ያለውን የባለቤትነት መብት ትቶ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያባዛውና እንዲለውጠው ለሕዝብ ለቀቀው። በእኔ እምነት ይህች ፊርማ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተፈረሙት ብዙ ስምምነቶች ይልቅ የዓለምን ሕዝብ ሕይወት ለውጣለች። ሁለቱም ሥርዓቶች የሚጓዙት በአንድ መንገድ ላይ ነበር፤ ዕጣ ፈንታቸውን ከለዩት ነገሮች ዋነኛው ቢሮ ውስጥ የተወሰነ ውሳኔ ነው።

አንባቢ ሆኖ የቀረው ጸሐፊ

የድሩ ተስፋ በፈጣሪው ልብ ውስጥ ምን እንደ ነበረ ከመጀመሪያው ብራውዘር እንረዳለን። ያ ብራውዘር ማንበቢያ ብቻ አልነበረም፤ መጻፊያም ነበር። የሚያነብ ሰው በዚያው መስኮት ገጽ ይጽፋል፣ ያርማል፣ ያያይዛል። በርነርስ ሊ ድሩን ሰዎች አብረው የሚያስቡበት የጋራ ሰሌዳ እንጂ የቴሌቪዥን ታናሽ ወንድም አድርገው አላሰቡትም። ነገር ግን መጻፊያ ያለው ብራውዘር የሚሠራው ጥቂት ሰው ብቻ በነበረው በኔክስት ኮምፒውተር ላይ ነበር። ለሌሎች ማሽኖች የተዘጋጁት ማንበብ ብቻ የሚችሉ ነበሩ። በ1993 ከኢሊኖይ የወጣው ሞዛይክ ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር በአንድ ገጽ አሳይቶ ዓለምን ማረከ፤ መጻፊያ ግን አልነበረውም። የሞዛይክ ወጣቶች ያቋቋሙት ኔትስኬፕ በኦገስት 9 ቀን 1995 አክሲዮኑን በ28 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ በዚያው ዕለት መዝጊያ ላይ ከ58 ዶላር በላይ ደረሰ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ወር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ጦርነት ነው።

ይህ እንደ ቀላል ነገር አይታለፍ። ጸሐፊ የነበረው ሰው አንባቢ ሆኖ ቀረ፤ በኋላም መጻፍ ሲያምረው የሚጽፍበትን ሰሌዳ ከሌላ ሰው መከራየት ግድ ሆነበት። አከራዩ ገንዘብ አልጠየቀም፤ የጠየቀው የተከራዩን ምስጢር ነው።

የተነገረ ሥጋት

በርነርስ ሊ ሀብት ከማካበት ይልቅ ደንብ ማስከበርን መረጡ። በኦክቶበር 1994 በአሜሪካው ኤምአይቲ የድሩን የጋራ ደንቦች የሚያወጣ ማኅበር መሠረቱ። በ1999 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ውስጥም ከተስፋው ጎን ሥጋታቸውን አስፍረዋል፤ መንገዱንና ይዘቱን አንድ ኩባንያ ከያዘ ምን እንደሚሆን፣ የሰው ምስጢር እየተለቀመ ሲሸጥ ምን እንደሚከተል። የጋራ ደንቦቹን በፓተንት አስሮ ማስከፈል እንዳይቻል ማኅበራቸው ለረጅም ጊዜ ተከራክሮ ከክፍያ ነጻ የሆነ መመሪያ በ2004 ሥራ ላይ አዋለ። እንግዲህ የኤፕሪል 1993ቷ ፊርማ አንድ ጊዜ ተፈርማ የምታበቃ አልነበረችም፤ በየዘመኑ መታደስ ነበረባት።

በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ድሩ የሁሉም ነው የሚል መልእክት በስታዲየሙ ሲያበራ እኒያው ሰው በመድረኩ መካከል ተቀምጠው ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በማርች 2017፣ የጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ሌላ ዜማ አለው። ሦስት አደጋዎችን ቆጠሩ፤ በግል መረጃችን ላይ ሥልጣን ማጣታችንን፣ ሐሰት በቀላሉ መዛመቱን፣ የፖለቲካ ማስታወቂያ በጨለማ መሠራቱን። በዓመቱ የካምብሪጅ አናሊቲካ ጉድ ወጣ፤ ፌስቡክ ራሱ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ያለ አግባብ ተላልፎ ሊሆን እንደሚችል አመነ።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልስጥ። በርነርስ ሊ ስለ ኩባንያዎችና ስለ መንግሥታት የፈሩት ቶሎ ታይቷቸዋል፤ ስለ ተራው ሰው የፈሩት ግን ዘግይቶ የታያቸው ይመስለኛል። ምክንያቱም ድሩ የተወለደው በመንደር ነው። በሰርን ሰው በስሙ ይታወቃል፤ ሐሰት ቢጽፍ ነገ ምሳ ቤት ውስጥ ያፍራል። እንዲህ ባለ ቦታ በሩ ላይ ዘበኛ አያስፈልግም፤ ይሉኝታ ራሱ ዘበኛ ነው። መንደሩ የዓለም ከተማ ሲሆን ግን በሩ እንዳለ ቀረ፤ ይሉኝታው ብቻ ወጥቶ ሄደ።

እኛና ድሩ

ድሩ የሁሉም ነው ቢባልም የኛ ለመሆን ጊዜ ወስዶበታል። የመጀመሪያዎቹ የድሩ ደንቦች መሠረት ያደረጉት የምዕራብ አውሮፓን የላቲን ፊደላት ነበር። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1997 ሲጀመር ፊደላችን በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ አልነበረም። የገባው በ1999፣ በ345 ምልክቶች ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ገጽ ለማንበብ የባለ ገጹን ፎንት መጫን ያስፈልግ ነበር፤ ያልጫነ ሰው የሚያየው ባዶ ሣጥንና የማይነበብ ምልክት ነው። አስታውሳለሁ፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር ያነበብሁት በሥዕል መልክ ተነሥቶ የተለጠፈ ገጽ ላይ ነው። ገጹ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ሲገለጥ ግማሽ ሰዓት የጠበቅሁ መሰለኝ። ሆኖም «ሀ»ን በዚያ መስኮት ሳያት የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንበሳውን የሚያስረው ድር ተገኘ አልሁ።

የዘነጋሁት መንገዱን ነበር። ገበያው የሁሉም ሊሆን ይችላል፤ ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ ግን በአገራችን ባለቤቱ አንድ ነበር። ሁለተኛ ኦፕሬተር ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ2022 ነው። ከ2005 ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ፤ በሜይ 2006 መንግሥትን የሚተቹ ድረ ገጾች ከአገር ቤት የማይከፈቱ ሆኑ። በኤፕሪል 2014 የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ታሰሩ። በኦክቶበር 2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በ2017 ደግሞ የብሔራዊ ፈተና እንዳይሰረቅ በሚል ኢንተርኔት ተዘጋ። ያች በጄኔቫ በቀይ ቀለም የተጠበቀችው ማብሪያ ማጥፊያ አዲስ አበባ ላይ ጠባቂ አልነበራትም።

በጁን 2018 264 ድረ ገጾችና መገናኛ ብዙኃን እገዳቸው ሲነሣ ብዙዎቻችን የተረቱ ፍጻሜ ደረሰ ብለን ነበር። ብዙም ሳንቆይ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ፤ ድሮቹ እርስ በርስ ተጠላለፉ። በሩ ሲከፈት የገባው እውነት ብቻ አልነበረም። የአንዱ ወገን ሰው በሌላው ላይ የጻፈው የጥላቻ ቃል፣ ቦታውና ዘመኑ የሌላ የሆነ የሬሳ ፎቶግራፍ፣ ስም የሌለው ቀስቃሽ ሁሉም ገቡ። መንግሥት በ2020 የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185 አወጣ፤ ማብሪያ ማጥፊያውንም አልተወም። በጁን 2020 መጨረሻ የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆርጣ ለሁለት ዓመት ያህል ቆየች፤ እናት የልጇን ድምፅ፣ ልጅ የእናቱን ሞት መስማት አልቻሉም። በሌላ በኩል ሜታ የተባለው የፌስቡክ ባለቤት በዚያ ጦርነት ወቅት የጥላቻ ቃልን በማሠራጨት ተጠያቂ ነው የሚል ክስ በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ላይ ቀረበበት፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኤፕሪል 2025 ክሱን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

በክርክራችን ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ኢንተርኔት ባይዘጋ ኖሮ ደም ይፈስስ ነበር ይላል። ሌላው ችግሩ መዘጋቱ ብቻ ነው፣ የሚጻፈው ነገር ምንም ቢሆን የሚጎዳ የለም ይላል። የመጀመሪያው በጨለማ የፈሰሰውን ደም አይቆጥርም፤ ስልክ በተቋረጠበት አገር ሐሰትን የሚያስተባብል ሰው እንደማይገኝም ይረሳል። ሁለተኛው ደግሞ በብርሃን የተጻፈውን መርዝ አይቆጥርም።

በርነርስ ሊ በ2019 ባስተዋወቁት የድሩ ውል ውስጥ ዘጠኝ መርሆች አሉ፤ ሦስቱ ለመንግሥታት፣ ሦስቱ ለኩባንያዎች፣ ሦስቱ ለዜጎች ናቸው። ለመንግሥታት ከተሰጡት አንዱ ኢንተርኔትን በሙሉ፣ ሁልጊዜ ክፍት አድርጋችሁ አቆዩ የሚል ነው። ለዜጎች ከተሰጡት አንዱ ደግሞ የሰውን ክብር የሚጠብቅ ጨዋ ንግግር ያለበት ማኅበረሰብ ገንቡ የሚል ነው። እኛ እንደ ወገናችን አንደኛውን መርጠን ሌላውን እንዘላለን። ውል ግን እንዲያ አይነበብም፤ ሁለቱም ወገን ካልፈረሙበት ውል አይባልም።

እንደ መደምደሚያ

በርነርስ ሊ በአንድ ወቅት በድረ ገጽ አድራሻ ላይ ያሉት ሁለት ዝባዝቦች አላስፈላጊ እንደ ነበሩ ተናግረው ነበር። ትንሽ ጸጸት ናት። ከዚያ የሚበልጠውን፣ ድሩን ያለ ዘበኛ መክፈታቸውን፣ ግን ሲጸጸቱበት አልሰማሁም፤ እኔም ይጸጸቱ አልልም። ዘበኛ ቢቆም ኖሮ «ሀ» በዚያ መስኮት ለመግባት የማንን ፈቃድ ትጠይቅ ነበር?

ስለዚህ የምመኘው የበሩን መዘጋት አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያዋ በአንድ ባለ ሥልጣን የስልክ ትእዛዝ ሳይሆን በግልጽ ሕግና በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር እንድትውል እመኛለሁ። ከኛ ደግሞ ያ የመንደር ይሉኝታ ይፈለጋል፤ በአካል ፊት ለፊት ተገናኝተን የማንናገረውን በድሩ ላይ አለመጻፍ፣ ያላረጋገጥነውን አለማስተላለፍ፣ ለጻፍነው ነገር ኃላፊነት መውሰድ። ስሙን መግለጥ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ሰው አለ፤ እሱን አልወቅስም። ከሥጋት ተሸሽጎ እውነት የሚናገርንና ከኀፍረት ተሸሽጎ ጥላቻ የሚዘራን ግን አንባቢ ለይቶ ያውቃቸዋል።

አበው ድር ቢያብር ሲሉ «ቢ»ን ያስገቡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ማበሩ ግዴታ አይደለም፤ ምርጫ ነው። ድሩን የፈተለልን ሰው ፈትሉን ሰጥቶናል፤ ማበሩ ግን ለኛ የተተወ ነው።

ቸር ይግጠመን።